የእትዬ ሙሉጌጥ ሁለት ጣሳዎች

ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ጥቂት ቢያጋንን ይቅር ይባላል። እኔ ግን «በአዋሳ ገበያ ምራቂ በማስጨመር የሚወዳደረኝ የለም» እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት የፎከርኩት ሳላጋንን ነው። ስሜ ገብረየስ ነው፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ነጋዴዋ ጣሳውን ሰፍራ ዘንቢሌ ውስጥ ስትገለብጠው ዘንቢሌን አልሰበስብም፤ አፉን እንደ ከፈትኩ እቆማለሁ። «ምራቂስ?» እላለሁ። አንድ ጭብጥ ይጨመርልኛል። «ይቺማ የወፍ ቁርስ ናት!» እላለሁ። ሁለተኛ ይጨመራል። «ስለ ልጆቼ!» ስል ሦስተኛው ይመጣል። ልጅ የለኝም። ይህን ነጋዴዎቹም ያውቃሉ፤ ግን ገበያ ነውና ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ዘንቢሌም ይከብዳል።

ይህ ጉብዝናዬ ምን ዓይነት ጉብዝና እንደ ሆነ የተገለጠልኝ በ1982 ዓ.ም. ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ያለ ብዙ ጉዳይ ገበያ ውስጥ ስዞር ዝናብ ያዘኝ። የአዋሳ ዝናብ ከሐይቁ በኩል ሲነሣ «ልምጣ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሮጬ የገባሁት ከእትዬ ሙሉጌጥ ሸራ ሥር ነው።

እትዬ ሙሉጌጥ ከቡልጋ መጥተው የአዋሳው አዲስ ከተማ ሰፈር የሚኖሩ፣ በዚያች መደብ ላይ ቦሎቄና ምስር ሲሸጡ ሃያ ዓመት የሆናቸው ባልቴት ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ግዛቸው ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል። ገበያተኛውን ሁሉ በስሙ ይጠራሉ፤ ያመመውን ይጠይቃሉ፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ፤ ምራቂ ሲሰጡ እጃቸው አይሰስትም። እኔም ከእርሳቸው ሌላ ነጋዴ ጋ የምሄደው እርሳቸው የታመሙ ዕለት ብቻ ነው።

ያን ዕለት ግን የለመድኩት ሳቅ የለም። ሁልጊዜ አፉ ድረስ ሞልቶ የማየው የቦሎቄ ጆንያ ባዶውን ተጣጥፎ ተቀምጧል። አጠገባቸው አንዲት ቀጭን ልጅ፣ በእያንዳንዱ እጇ አንድ አንድ ጣሳ ይዛ ቆማለች።

«እንኳን መጡ መምህር!» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «የእህቴ ልጅ ናት፤ ጽጌሬዳ ትባላለች። አዲስ አበባ ንግድ ነክ ትምህርት አስተምረን፣ ለክረምት ብትመጣ እኔኑ ልታስተምረኝ ተነሣች። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይፍረዱን።»

ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። «እኔም እርስዎ ቢፈርዱ ደስ ይለኛል፣ ጋሼ» አለች።

ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ ብጠይቅ እትዬ ሙሉጌጥ የባዶውን ጆንያ ጫፍ አነሡና ጣሉት። «ቦሎቄ ካጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። የቱላ ገበሬዎች ስንት ዓመት ሲያራግፉልኝ ኖረው፣ ዛሬ ሰላምታ ሰጥተውኝ በፊቴ እያለፉ ማዶ ይሸጣሉ። ክፉ ተናግሬያቸው አላውቅም። የገበያው ኮሚቴ ደግሞ ሠላሳ ቀን ዕቃ ያልገባበትን መደብ ለተራ ጠባቂ እሰጣለሁ ብሏል። ዘጠኝ ቀን ቀረኝ፣ መምህር። ይቺ መደብ ከሄደች እኔ በምን እኖራለሁ?»

«መድኃኒት አድርገውብኝ ይሆናል ይላሉ» አለች ጽጌሬዳ። «እኔ ደግሞ ገበሬዎቹን ያባረሩት እነዚህ ሁለት ጣሳዎች ናቸው እላለሁ።»

ሁለቱም ጣሳዎች የቲማቲም ድልህ የመጣባቸው፣ ባንድ ቁመት፣ ባንድ ስፋት፣ ዝገታቸው እንኳ የሚመሳሰል መንትዮች ናቸው። ልጅቱ ገልብጣ አሳየችኝ። የአንደኛው ቂጥ ወደ ውጭ ተወጥሯል፤ የሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል። አንደኛው መግዣ፣ ሌላው መሸጫ ነው። እኔ ስለ ይዘት ስሌት ለስንት ተማሪ ያስተማርኩ ሰው፣ የእነዚህን ጣሳዎች አፍ እንጂ ቂጣቸውን አንድ ቀን አላየሁም። የማየው ከአፋቸው በላይ ያለውን ምራቂ ብቻ ነበር።

«መቼም ጣሳ ሲያረጅ ይጎብጣል» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ፣ ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መልሰው።

«አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ነው የሚያረጀው፣ እትዬ?» አለች ጽጌሬዳ በትሕትና።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እትዬ ሙሉጌጥ ግን አልሳቁም። ጽጌሬዳ ከጎረቤቱ ከኑሪ ሻይ ቤት አንድ የሻይ ብርጭቆ ተውሳ መጣች። ሁለቱን ጣሳዎች ከሸራው ጠርዝ ሥር ብታስቀምጣቸው ዝናቡ እየቀዳ ሁለቱንም እኩል ሞላቸው። እርሷ በብርጭቆ ስትቀዳ እኔ ቆጠርኩ። መግዣው አሥራ ሦስት ብርጭቆ ያዘ፤ መሸጫው አሥራ አንድ።

«ቂጣቸው ሳይነካ ሁለቱም አሥራ ሁለት ይይዙ ነበር ማለት ነው» አልኩ፣ ሒሳብ ማወቄን ለማሳየት ያህል።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «በጣሳው የቀነስኩትን በእጄ እመልሰው የለም ወይ? በዚህ ገበያ እንደ እኔ ምራቂ የሚሰጥ ማን አለ? መምህር ራሳቸው ምስክር ናቸው!»

«የሚመልሱት ለማን ነው?» አለች ጽጌሬዳ።

«ለጠየቀ ሁሉ!»

«ላልጠየቀስ?»

እትዬ ሙሉጌጥ የምስሩን ጆንያ አፍ ማስተካከል ጀመሩ። ልጅቱ አልቸኮለችም፤ ሊገዙ የመጡ ሰዎችን የምታስታውስ መሰለች። ቆየችና እንዲህ አለች፦

«ባለፈው ሳምንት አጠገብዎ ተቀምጬ ሳይ፣ የምስር ገዢ ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። የሚጮኸው ሦስት ጭብጥ ይዞ ሄደ። የሚቀልደው ሁለት። አዲስ ሙሽራ ነገር መጣች፤ አፍራ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ አንድ ፍሬ አልተጨመረላትም። አማርኛ የማይቀናት ሴት በጣቷ አሳይታ ገዝታ ሄደች፤ እርሷም እንደዚያው። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ስንት ጭብጥ ይወስዳሉ?»

«አንዳንዴ... ሦስት» አልኩ።

«አንዳንዴ?» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ።

ጽጌሬዳ የአክስቷን እጅ ያዘችና ከምስሩ ሦስት ጊዜ አስጨብጣ ወደ ብርጭቆው አስፈሰሰቻቸው። ሁለት ብርጭቆ ሞልቶ ግማሽ ተረፈ። አሥራ አንድ ላይ ይህ ሲጨመር ከአሥራ ሦስት ያልፋል። ስለዚህ እትዬ ሙሉጌጥ ከእኔ አንዲት ፍሬ አላተረፉም፤ እንዲያውም ከቤታቸው እየጨመሩ ነው ያበሉኝ።

«ታዲያ የመምህርን ምራቂ ማን ከፈለው?» ብላ ጠየቀች ጽጌሬዳ።

መልሱን አውቄዋለሁ፤ ነገር ግን ከአፌ ለመውጣት ጊዜ ወሰደበት። «ዝም ያሉት» አልኩ በመጨረሻ። አሥራ አንድ ዓመት ያጎበጠኝ ዘንቢል ያን ሰዓት ባዶውን ከበደኝ። ያቺን አንገቷን ደፍታ የምትገዛ ሙሽራ አላውቃትም፤ እርሷ ግን ሳታውቀኝ ስትቀልበኝ ኖራለች።

እዚህ ላይ እትዬ ሙሉጌጥ ተቆጡ። ቁጣቸውም እውነተኛ ነበር።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም! ትርፍ የሚባል ነገር በአፌ ዞሮ አያውቅም። ገበያውን ሁሉ ጠይቂ፤ ጣሳውን በአንድ ብር ገዝቼ በአንድ ብር ነው የምሸጠው። አንዲት ሳንቲም አልጨምርም!»

«አውቃለሁ እትዬ። ታዲያ ሃያ ዓመት በምን ኖሩ?»

«በእግዜር ቸርነት!»

«እግዜር ቸርነቱን የሚልክልዎ በጣሳው ቂጥ በኩል ነው?»

ይህን ጊዜ ዱላ ይመጣል ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። እትዬ ሙሉጌጥ ግን ልጅቱን ትኩር ብለው አዩና፣ መከዳቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ጣሳዎቹን የቀጠቀጣቸው አጎትሽ ነው። በአብዮቱ ማግሥት ነው። እዚሁ ተርታ ላይ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ከተተመነው ዋጋ አምስት ሳንቲም ጨምራ ሸጠች ተብላ ‹አሻጥረኛ ነኝ› የሚል ካርቶን አንገቷ ላይ አንጠልጥለው ገበያውን ሲያዞሯት በዓይናችን አየን። ተመልሳ አልመጣችም። የዚያን ዕለት ማታ ግዛቸው በድንጋይ ሁለቱን ጣሳ ቀጠቀጠ። ‹ከእንግዲህ ዋጋ አንጨምርም፤ ማንም ጣቱን አይቀስርብንም› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልቀሰረብንም።»

እኔም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሴትየዋን ይህን የመሰለ ነገር አንድ ቀን አለመጠየቄ ገረመኝ።

ጽጌሬዳ ከአክስቷ እግር አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እትዬ፣ አጎቴ ያደረገው ከፍርሃት ነው፤ በዚያን ጊዜ እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ግን ደብሪቱን ያስቡ። ጭማሪዋን በግልጽ የጠየቀችው እንደ ሌባ ተቆጠረች። በጣሳ ቂጥ የወሰድነው እኛ እንደ ጨዋ ተቆጠርን። ይህ ልክ ነው?»

እትዬ ሙሉጌጥ መሸጫውን ጣሳ አንሥተው ቂጡን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ለመሆኑ ትርፍ ምንድን ነው?» ብላ ቀጠለች ልጅቱ። «ቦሎቄው ከቱላ ሲመጣ ጠጠር አለበት፤ ማን ይለቅመዋል?»

«እኔ ነኛ። ዓይኔ እስኪጠፋ።»

«ነቀዝ እንዳይገባበት ማን ያሰጣዋል?»

«እኔ።»

«ገዢው ቱላ ድረስ ሳይሄድ በሩ ላይ እንዲያገኘው ከማለዳ እስከ ማታ ብርድና ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ለመደቡ ኪራይ፣ ለጆንያው፣ ለሸራው የሚከፍለውስ?»

«እኔ! እኔ! ሁሉንም እኔ!»

«እንግዲያው ይህ ሁሉ ሥራ ዋጋ አለው። ትርፍ ማለት የዚህ ዋጋ ነው። ሠርተው ያገኙት ከሆነ ለምን ይደብቁታል? ሰው የሚደብቀው የሰረቀውን ነው። እርስዎ የድካምዎን ዋጋ እንደ ሌባ ዕቃ ደብቀው፣ በራስዎ ላይ ነው የቀለዱት።»

«ትናንት በሬዲዮ ‹አትራፊ› ማለት ስድብ ነበር» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «ዛሬ ምርቃት ሆነ?»

እዚህ ላይ ለመግባት ዕድል አገኘሁ። መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ካወጀ ገና አራት ወሩ ነበር፤ ነጋዴው ወሬውን ሰምቷል፤ ልቡ ግን አላመነም። «እትዬ፣ አዋጁ ቢወጣም ባይወጣም» አልኳቸው፣ «አሥራ አንድ ብርጭቆ አሥራ ሁለት አይሆንም። የዋጋ ነገር ዘመን ይለውጠዋል፤ መስፈሪያ ግን ዘመን የለውም።» ንግግሬ ለራሴ አማረኝ። ጽጌሬዳም ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«እሺ» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ፣ «ጣሳውን አቃናሁ እንበል። ዋጋ ጨመርኩ እንበል። ምራቂም የለም እንበል። ታዲያ ማን ይመጣል? እናንተ የተማራችሁ ሰዎች አንድ ነገር አይገባችሁም። ሰው ገበያ የሚወጣው ቦሎቄ ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ደስ ሊለው ነው። ያቺን አንዲት ጭብጥ ስጨምርለት ፊቱ ሲበራ አያለሁ። ምራቂ ማለት ፍቅር ነው! እርሱን ገድዬ እንደ መንግሥት ሱቅ ልኮፈስ?»

እውነቴን ነው፣ በዚህ ነገር ልቤ ከእርሳቸው ጋር ነበር። ሥልጣኔ የሚባለው ነገር ሳቅን ከገበያ የሚያስወጣ ከሆነ፣ እኔ የሒሳብ መምህሩም ብሆን ይቅርብኝ።

ጽጌሬዳ ግን «ምራቂ ፍቅር የሚሆነው ከራስ ሲሰጥ ነው» አለች። «አስቀድሞ የወሰዱትን መልሰው ሲሰጡ ስጦታ አይባልም። ለዚያውም ከዚህች ወስደው ለዚያ!»

«አፍሽ እንደ ምላጭ ነው» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «ገበሬዎቹ ግን የሄዱት በዚህ እንደ ሆነ በምን አወቅሽ?»

መልሱን ይዞ የመጣው አህያ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ በመደቦቹ መካከል አንድ ሰውዬ ጆንያ የጫነ አህያ እየነዱ ብቅ አሉ። የቱላው ገበሬ አቶ ሌዳሞ ናቸው፤ ለሁለት ዓመት ያህል ቦሎቄያቸውን ለእትዬ ሙሉጌጥ ሲያራግፉ የኖሩ። ከሩቅ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡና ወደ ማዶ ሊያልፉ መንገድ ቀየሩ። አህያው ግን የለመደውን አልተወም። ቀጥ ብሎ መጥቶ እትዬ ሙሉጌጥ ፊት ቆመ። ቢገፉት፣ ቢጎትቱት፣ ንቅንቅ አልል አለ። ገበያተኛው ሳቀ፤ አቶ ሌዳሞ በሐፍረት ላብ አጠመቃቸው።

«አቶ ሌዳሞ» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ፣ «አህያዎ እንኳ አልረሳኝም። እርስዎ ምን በድዬዎት ነው የራቁኝ? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

አቶ ሌዳሞ የመዳብ ቁልፍ የምታህል የዝናብ ጠብታ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ላይ ጠረጉ። «እማማ፣ ጥል አልፈልግም» አሉ። «የሰው ስም ማጥፋት ጥሩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚህ ነው የሚያስተምረን። ይቅር።»

«ስለ እግዜር ብለው!»

ሰውዬው አህያውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጡ ተናገሩ። «ቤት ሰፍሬ ሃያ ስድስት ጣሳ ነው። እዚህ ሲሰፈር ሃያ አራት ሆነ። መንገድ ላይ አህያው በላ አልኩ። አህያውን መታሁ። በሚቀጥለው ገበያም እዚሁ ሃያ አራት። ጆንያው ቀዳዳ አለው አልኩ፣ ፈለግኩ፣ የለም። ከዚያ...» ቆም አሉ። «ከዚያ ባለቤቴን ራሔልን ጠረጠርኩ። ‹ተደብቀሽ ትሸጫለሽ› አልኳት። እርሷ አለቀሰች። ሁለት ሳምንት ባንድ ቤት ሆነን አልተነጋገርንም። ልጆቹም ዝም አሉ።»

እትዬ ሙሉጌጥ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«በኋላ ራሔል ይቺን ጆንያው ላይ አሰረች» ብለው ቀጠሉ አቶ ሌዳሞ፤ ከአህያው ጭነት ላይ በገመድ የተንጠለጠለች አንዲት ጣሳ አሳዩ። ቤት የሚሰፍሩባት ናት፤ ቂጧ ሜዳ። «‹በዚህ ይሰፈር› አለች። ማዶ ወሰድኩ፣ ሃያ ስድስት ሆነ። ያን ቀን ራሔል እግር ላይ ወደቅኩ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ቱላ ትንሽ ነው፤ ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ ሰሙ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አልኩ በልቤ። አህያው ተመታ፣ ሴትየዋ ተጠረጠረች፤ ጥፋተኛው እዚህ መደብ ላይ በሰላም ተቀምጧል።

ጽጌሬዳ ያን ሁሉ ተናግራ ያላንቀሳቀሰቻቸው እትዬ ሙሉጌጥ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ብድግ ብለው ሁለቱን ጣሳ ያዙ፣ የመደባቸውን ድንጋይ አነሡ፣ መቀጥቀጥ ጀመሩ። ወደ ውጭ የወጣውን ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ የገባውን ወደ ውጭ። የመደቡ ተርታ ሁሉ ዘወር ብሎ አየ። ኑሪም ከሻይ ቤቱ ወጣ። በሦስተኛው ምት የመሸጫው ቂጥ ጨርሶ ወልቆ ጭቃ ላይ ተንከባለለ። መግዣውም ወዲያው ተሰነጠቀ። እትዬ ሙሉጌጥ ቂጥ አልባውን ጣሳ ወደ ላይ አንሥተው በውስጡ ሰማይ አዩና ሳይታሰብ በሳቅ ፈረሱ።

«ግዛቸው ነፍሱን ይማረውና» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እጁ ብርቱ ነበር፤ ለመስበር እንጂ ለማቃናት አልሆነም! አሁን በምን ልስፈር?»

አቶ ሌዳሞ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የገመዱን ቋጠሮ ፈቱና የራሔልን ጣሳ መደቡ ላይ አስቀመጡ። «በዚህ» አሉ። «ለእኛ ሌላ ይገዛል። ይቺ ግን እዚህ ትቀመጥ። ስንሸጥም በዚህ፣ ሰው ሲገዛም በዚህ።»

የዚያን ዕለት ሃያ ስድስት ጣሳ ቦሎቄ እትዬ ሙሉጌጥ መደብ ላይ ተራገፈ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሙሉጌጥ ሲጨርሱ ሁለት ጣሳ ምስር ከአፉ በላይ ቁልል አድርገው በነጭ ጨርቅ ቋጠሩና «ይህ ዋጋ አይደለም፤ የራሔል ካሳ ነው። እሑድ ራሴ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ይበሉልኝ» አሏቸው።

አቶ ሌዳሞ ተቀበሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አህያውስ?» አሉ።

«እውነት ነው! እርሱም ተበድሏል!» ብለው እትዬ ሙሉጌጥ ከቦሎቄው አንድ ጭብጥ ዘገኑ። ጽጌሬዳ «ቦሎቄ ጥሬውን ይነፋዋል እትዬ!» ብላ ጮኸችና ከኑሪ ቤት ቁራሽ ዳቦ አመጣች። የዚያ መደብ የመጨረሻው የድሮ ምራቂ የተሰጠው ለአህያው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ሐሜት አያስፈልግም፤ የአዋሳ ሰው ያየው ነው። እትዬ ሙሉጌጥ እሑድ ቱላ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ሲመለሱ ከራሔል ጋር እህትማማች ሆነው፣ ሁለት የቡላ እሽግ ተሸክመው ነው። ሰኞ አራት ገበሬ መጣ፤ በተከታዩ ሐሙስ ዘጠኝ። በሠላሳኛው ቀን የገበያው ኮሚቴ ሰው መደቡን ሊያይ ሲመጣ ከጆንያው ብዛት የሚራመድበት ቦታ አጥቶ ተመለሰ።

ከመደቡ በላይ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለች። «ቦሎቄ፦ መግዣ አንድ ብር። መሸጫ አንድ ብር ከአሥር። ለሁሉም በአንድ ጣሳ» ትላለች። በጠመኔ የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ከዕዳዬ ላይ ይታሰብልኝ ብዬ። እትዬ ሙሉጌጥ ያቺ አሥር ሳንቲም በሰው ፊት ስትጻፍ መንገዱን ግራና ቀኝ ይቃኙ ነበር። ማንም ካርቶን ይዞ አልመጣም። እንዲያውም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አንብቦ ሲያበቃ «አሥር ሳንቲም ብቻ? እስከ ዛሬ በነፃ ነበር እንዴ የሚለቅሙልን?» ቢላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላቸው ዋሉ።

ጽጌሬዳ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ትምህርቷ ልትመለስ ስትሰናበተኝ «ከአንድ ጣሳ የሚገኘው ትርፍማ ከድሮው አነሰ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ግን የሸጡት ጣሳ በዝቶ እጥፍ ሆነ። ገበሬው እምነት ጥሎ ያመጣል፤ ገዢው ልጁንም ቢልክ ጎድሎበት አይመለስም፤ እርሳቸውም ማን ስንት ጭብጥ ወሰደ ብለው አይጨነቁም። ነጋዴን የሚያኖረው ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው።» ይህን የተናገረችው እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሬ ያላገኘሁትን ከአንዲት ጣሳ ቂጥ ስለተማርኩ፣ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ስለ ምራቂስ? እትዬ ሙሉጌጥ አልገደሉትም። «የሚሰጥ ከሆነ ከራሴ፣ ለሁሉም እኩል» ብለው ሕግ አወጡ። ሕዝቡ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ በዓል፣ ወደ ጉዱማሌ ሜዳ ሲወርድ፣ በእንቁጣጣሽና በገናም፣ መደባቸው ፊት የቆመ ሁሉ፣ የገዛም ያልገዛም፣ አንድ አንድ ጭብጥ ምስር በእጁ ይዞ ይሄዳል። ያኔ የሰው ፊት እንዴት እንደሚበራ፣ እርሳቸው ካሉት በላይ ነው።

በሌላው ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመስከረም አንድ ሐሙስ ሄጄ ዘንቢሌን ዘረጋሁ። አንድ ጣሳ ተሰፈረልኝ። ልማድ ክፉ ነውና፣ አፌ ሳልልከው ሄዶ «ምራቂስ?» አለ።

እትዬ ሙሉጌጥ ጣሳዋን ደረታቸው ላይ አቅፈው ሳቁ። «መምህር፣ የእርስዎን ምራቂ እኮ አሥራ አንድ ዓመት አስቀድመው ወስደዋል! ልጆችዎ ሲያድጉ እንተያያለን።»

ተርታው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከኋላዬ ነጠላዋን አፏ ድረስ የተከናነበች፣ በዚያ ሳቅ መካከል ዓይኗን ከመሬት ያላነሣች አንዲት ሴት ነበረች። ቦሎቄውን በጣቷ አሳየች። እትዬ ሙሉጌጥ የራሔልን ጣሳ ሞሉ፣ አፉን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ገለበጡላት። ሴትየዋ ከፍላ፣ ቋጥራ፣ ሄደች። አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ የያዘችው ግን ልክ እኔ የያዝኩትን ያህል ነበር።